የእድሩ ድንኳን

«ሠራተኛዋ ናት» አለ ወንድሜ፤ ድምፁ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። እኔ ኩሽና ቆሜ የእማዬን አጥሚት አማስላለሁ። ኩሽናውንና ሳሎኑን የሚለየው ስስ ጣውላ ስለሆነ በዚያ በኩል ሰው ሲያዛጋ በዚህ በኩል ይሰማል። ጠያቂዋ ፌቨን የምትባል፣ ከእሱ ሜዲቴሽን ሊማሩ ከአዲስ አበባ ከመጡት እንግዶች አንዷ ነበረች። «ይቺ ለእማማ ቀና ደፋ የምትለው ሴት ዘመዳችሁ ናት?» ነው ያለችው፤ በደግነት ነው የጠየቀችው። ወንድሜ አጵሎስ ግን እናቱን ሦስት ዓመት ብቻውን እንዳስታመመ፣ ዝምታንም እግሯ ስር ቁጭ ብሎ እንደተማረ ለነዚህ ሰዎች ሲነግራቸው ኖሯል። እህት ካለች ታሪኩ ሊበላሽ ነው፤ ስለዚህ ኢየሩስ የምባለው ታላቅ እህቱ ሠራተኛ ሆንኩ። በጀርባዬ ያዘልኩት ልጅ፣ አፍንጫውን በቀሚሴ የጠረግሁለት ልጅ! ማማሰያውን ይዤ እንደቆምኩ አጥሚቱ ከስር አረረ። ደሜ ፈልቶ ሽታው እንኳ አልመጣልኝም።

እማዬን የሚያውቅ ሰው ይህን ሁሉ ቢሰማ ይስቃል። ልክነሽ ማለት ከመንደሯ ከላንቴ እስከ ከተማው የሲቀላ ገበያ በድምጿ የምትታወቅ የሙዝ ነጋዴ ነበረች። አይሱዙ ላይ ሙዝ ስታስጭን ሾፌሮቹ ጆሯቸውን ይዘው ነበር የሚያናግሯት። ቸርች ስትጸልይ መጋቢው ራሱ ጸሎቱን ያቆምላት ነበር፤ ቢቀጥልም የሚሰማው አልነበረም። ላንቴ ለቅሶ ካለ ደግሞ እሷ ሳትደርስ ለቅሶው ለቅሶ አይሆንም ይባላል። ከሦስት ዓመት በፊት ስትሮክ መታትና ቀኝ ጎኗ በድን ሆነ፣ ምላሷም ተያዘ። ሐኪሙ «ትስማ አትስማ እርግጠኛ ሆኖ መናገር አይቻልም» ብሎ ወደ ቤት ሰደደን። ከዚያ ወዲህ ከተማው ውስጥ ሴቻ ሰፈር ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ የአባያ ሐይቅን ቀይ ውሃ እያየች ትውላለች፤ እኔም አጠገቧ የልብስ ስፌት መኪናዬን አስቀምጬ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። የአዋቂ ዳይፐር ዋጋ በየወሩ እየጨመረ የዩኒፎርም ዋጋ እዚያው ቆሟል። አጵሎስ በገናና በፋሲካ ይደውል ነበር። ከአራት ወር በፊት የባንክ ሥራውን ትቶ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ አንገቱ ላይ የእንጨት ዶቃ አንጠልጥሎ መጣ። በረንዳው ላይ እናቱን ሲያይ ቆሞ ቀረ። አዘነ ብዬ እኔ ሞኟ አብሬው አለቀስኩ፤ እሱ ለካ ንግድ አይቶ ነበር።

ትምህርቱን በጣውላው በኩል ስለምሰማው በቃሌ ይዤዋለሁ። የሰው ንቃተ ህሊና ከሐሳብ ሲላቀቅ ንጹህ ኃይል ይሆናል፤ ሰው በተመስጦ የሚፈልገው እሱን ነው፤ ብዙዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ ቁጭ ብለው አያገኙትም፤ የእሱ እናት ግን ደርሳበታለች፤ ሐሳብ የላትም፣ ጭንቀት የላትም፣ ብርሃን ብቻ ናት። እኔ የማውቀው ኃይል እማዬን ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ የሚያነሳውን የወገቤን ኃይል ነው፤ እሱም እያለቀ ነው። ተመስጦ የሚሉትን ነገር ግን አልንቅም። ጎህ ሳይቀድ፣ መኪናዬን ሳልጀምር፣ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ትንፋሿን ስሰማ ሐሳቤ ሁሉ ጸጥ የሚልበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ እሷም ከውስጥ ሆና የምትሰማኝ ይመስለኛል። ለዚህ ነገር ስም አላወጣሁለትም፣ ለማንም ቲኬት አልቆረጥኩበትም።

ያን ዕለት ቅዳሜ ጠዋት እንግዶቹ በረንዳው ላይ ምንጣፋቸውን ዘርግተው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ፊቷ ተቀመጡ። ፌቨን የእማዬን እጅ ያዘችና «ይሞቃል! ኃይሉ ይሰማኛል!» ብላ ተንሰቀሰቀች። እጇ የሞቀው ገና አሁን በሙቅ ውሃ አጥቤ በቫዝሊን ስላሸሁት ነው፤ ግን ማን ሠራተኛ ይጠይቃል? ለቁርስ ወደ አረፉበት ሎጅ ሲሄዱ አጵሎስ ኩሽና መጣ። ዓይኔን ሸሽቶ ወለሉን እያየ «ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት እዚህ ግቢ ትልቅ ፕሮግራም አለ፤ የሜዲቴሽን ማዕከላችን ይመረቃል። ከዚያ እማዬን ሎጁ ድረስ እንወስዳታለን፣ ክፍል ተዘጋጅቶላታል። ልብሷን በሻንጣ አድርጊልኝ» አለኝ።

«ማን ያገላብጣታል? ማን ያጎርሳታል?»

«የሰለጠኑ ሰዎች አሉ። አንቺም ታርፊያለሽ እኮ።»

«ሠራተኛዋም ትሰናበት?» አልኩት።

ፊቱ ለአፍታ ተለዋወጠ፤ ወዲያው ያንን የተማረውን ፈገግታ አመጣ። «ኢየሩስዬ፣ ንዴት ኃይልሽን ነው የሚበላው። ተንፍሺ» አለኝ። የጋለው ድስት እጄ ላይ ነበር፤ የያዘኝ ፈጣሪ ነው። ሦስት ዓመት ያጠብኳትን እናቴን እንደ እቃ ሊጭናት ነው፣ እኔ ደግሞ ልተንፍስ! በር ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ «ፀሐዩ እንግዶቹን ያስቸግራቸዋል። እድሩ ድንኳን አለው አይደል? አምጪልኝ» አለ። አሥር ዓመት አዲስ አበባ ሲኖር የሀገሩን ነገር ረስቶታል። ለሰርግማ ዛሬ ከነዲኮሩ ነው የሚከራየው፤ የኛ እድር ድንኳን ከመጋዘን የሚወጣው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። አባቴ ሲሞት ለእኛም ተተክሎልን ነበር፤ እሱ ለሠልስት ደርሶ ስለነበር ምናልባት ፈርሶ ነው ያየው።

የእድሩ ንብረት ያዥ ጋሽ ካሱ ከእኛ ቤት ሁለት በር አልፎ ነው የሚኖረው። ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ የተሰበረ ምድጃ ይጠግናል። ገና ሰላም ሳልለው ስለ ከሰል ዋጋ ማማረር ጀመረ፤ ጆንያው ስንት እንደገባ፣ ድሮ በዚያ ገንዘብ በግ ይገዛ እንደነበር ነገረኝ። እኔ «ድንኳን ፈልጌ ነበር» አልኩና ከዚያ በላይ መናገር አቃተኝ። ጠዋት የዋጥኩት ሁሉ በዓይኔ መጣ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስናደድ ነው የማለቅሰው፤ ጋሽ ካሱ ግን ይህን ከየት ያውቃል? ምድጃውን አስቀምጦ ባርኔጣውን አወለቀ። «ልክነሽ?» አለ ቀስ ብሎ። አንገቴን አልነቀነቅሁም፣ አፌንም አልከፈትኩም። «እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ። ተገላገለች። አንቺም እንደ ልጅ ጦረሻታል» አለኝና ትከሻዬን ያዘ።

አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። «አልሞተችም ጋሽ ካሱ፣ ለአጵሎስ ፕሮግራም ነው» ማለት ምን ይከብዳል? አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን «ሠራተኛዋ ናት» ያለው ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም። «በስንት ሰዓት ነው?» ሲለኝ «ሰው ዘጠኝ ሰዓት ይሰበሰባል፤ እስከዚያ ወንድሜ ጸጥታ ይፈልጋል» አልኩ። ከዚህ ውስጥ ውሸት የትኛው ነው? «የላንቴ ሰዎች ሰምተዋል?» አለኝ። አልሰሙም አልኩት። ስልኩን ከኪሱ አወጣና «ልደውልላቸው?» ብሎ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ያን ጊዜ እንባዬ ደርቆ ነበር። ልቤ ቀዝቃዛ ነበር፤ ማንም አላስገደደኝም።

«ይደውሉላቸው» አልኩ።

ከቀትር በኋላ ጋሽ ካሱ ከሁለት የእድሩ ጎልማሶች ጋር ድንኳኑን ይዞ መጣ። እማዬ ጓዳ ተኝታ ስለነበር አላዩዋትም፤ ሬሳ ወዳለበት ክፍል ደግሞ ማን ዘው ይላል። አጵሎስ ከላይ እስከ ታች ነጭ ለብሶ፣ በባዶ እግሩ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ግቢው ውስጥ ይመላለሳል። ጋሽ ካሱ ጨብጦት «እግዚአብሔር ያጽናህ» ሲለው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «አሜን፣ ሁላችንንም ያጽናን» አለ። «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው፣ ሐዘኑን ዋጥ አድርጎ» ብሎ ጋሽ ካሱ በጆሮዬ ሹክ አለኝ። ሮጬ ጓዳ ገባሁና ሳቄን ትራስ ውስጥ ቀበርኩት። ቀና ስል እማዬ ታየኛለች፣ ወይም ዓይኗ ወደ እኔ በኩል ነበር። አጠብኳት፤ እሱ የገዛላትን ነጭ ቀሚስ አለበስኳት፤ ፀጉሯን ጎነጎንኩላት። «ዛሬ የላንቴ ጓደኞችሽ ይመጣሉ እማዬ» አልኳት። እንዴት እንደሚመጡ አልነገርኳትም። ሻንጣውን አልነካሁትም።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ወኔዬ ከዳኝ። ሄጄ ለጋሽ ካሱ እውነቱን ልንገረው ብዬ ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ። ድንኳኑ መግቢያ ላይ ግን አጵሎስ የእማዬን ትልቅ ፎቶ በፍሬም አቁሞ፣ ዙሪያውን በአበባ ሞልቶ፣ ከስሩ «የዝምታ እናት» የሚል ጽሑፍ ሰቅሏል። የማን ዝምታ ነው? ቃል ፍለጋ አፏ ሲጣመም፣ አልመጣላት ሲል ጭኗን በግራ እጇ ስትደበድብ ያየሁ እኔ ነኝ። ነጠላዬን መልሼ ትከሻዬ ላይ ጣልኩና ወደ ኩሽና ገባሁ። የእጁን ያግኝ አልኩ።

በዘጠኝ ሰዓት ሃምሳ የሚሆን ሰው ነጭ ለብሶ ከድንኳኑ ስር ምንጣፍ ላይ ተቀመጠ። እማዬን በወንበር አውጥተው ከፊት አስቀመጧት፤ እኔ ኩሽናው በር ላይ ተደግፌ ቆምኩ። አጵሎስ ዓይናቸውን እንዲጨፍኑ፣ በአፍንጫቸው እንዲስቡ፣ በአፋቸው እንዲያወጡ አዘዛቸው። ድምፁ ያምራል፤ ይህን እንኳ ከእማዬ ነው የወሰደው። «ሐሳባችሁ እንደ ደመና ያልፋል» አለ። «እናቴን ተመልከቱ፤ ለእሷ መወደስም መሰደብም አንድ ነው፤ ሐዘን አይደርስባትም፤ ዓለም ወደማይጮህበት ቦታ ገብታለች።» ፌቨን ገና ከመጀመሩ ታለቅሳለች። ከዚያ ጸጥ አለ፤ ሃምሳ ሰው ይተነፍሳል፣ የድንኳኑ ሸራ በንፋስ ይርገበገባል፣ ሌላ ምንም የለም። መንገድ የሚያልፍ ሰው ቢያየን ምን እንደሚል ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

አንዲት አይሱዙ ከበራችን ስትቆም ሰማሁ። የላንቴ ሴቶች ከመኪና ሳይወርዱ ነው ለቅሶ የሚጀምሩት። ፊታውራሪዋ ማሬ ነበረች፤ ከእማዬ ጋር ሠላሳ ዓመት ሙዝ የሸጠች፣ ድምጿም ከእማዬ ቀጥሎ የሚጠራ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው፣ ደረታቸውን እየደቁ፣ መሬት መሬት እያዩ ግቢውን ሞሉት። ከኋላቸው የሰፈራችን እድርተኛ ሁሉ ተከተለ። ድንኳኑን አዩ፣ ፎቶውን አዩ፣ ነጭ ለብሶ መሬት የተቀመጠውን ሰው አዩ፣ የምታለቅሰውን ፌቨንን አዩ፤ ከዚህ በኋላ የትኛው ለቀስተኛ ቀና ብሎ ወንበር ላይ ማን እንዳለ ያያል? ማሬ በጋሞኛ ጀምራ፣ የከተማው ሰው እንዲሰማላት ወደ አማርኛ ዞረች።

«ሦስት ዓመት አጥባሽ ኢየሩስ ስትኖር፣
ወንዱ ልጅሽ አጵሎስ በስልክ ብቻ ነበር!»

ሌሎቹ ተቀበሏት። በእኛ ዘንድ ለቅሶ ላይ የሞተው ሰው ሕይወት በሙሉ ይነገራል፤ ማን እንደጦረ፣ ማን እንደቀረ፣ ሁሉም በዜማ ይወጣል፤ አልቃሽን ደግሞ ማንም አያቋርጣትም። እንግዶቹ ዓይናቸውን ገለጡ። አንድ ጺማም ሰው የፕሮግራሙ አካል መስሎት እጁን ዘርግቶ «ኃይሉ መጣ፣ ተቀበሉት!» አለ። ሁለት ሴቶች አብረው ማልቀስ ጀመሩ። አጵሎስ መሃል ቆሞ «አልሞተችም! ኧረ አልሞተችም!» እያለ ይጮሃል፤ ጋሽ ካሱ ደግሞ ልጁ ሐዘን አናቱ ላይ ወጣ ብሎ ወገቡን አቅፎ ያባብለዋል። እኔ ከኩሽናው በር አልተንቀሳቀስኩም። እያንዳንዷን ስንኝ እንደ ማር ላስኳት። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ ሌላ ድምፅ መጣ። ቃል የሌለው፣ ከሆድ የወጣ፣ ሸራውን የሚቀድ ጩኸት ነበር። ማሬ አፏ ተከፍቶ ቀረ። ፊቷን ሳታይ ድምፁን ነው ያወቀችው፤ ላንቴ ውስጥ እንዲያ የሚጮህ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ቀና ስትል እማዬ ወንበሯ ላይ ሆና፣ አፏ ወደ ጎን ተጣሞ፣ እንባዋ እየወረደ ለራሷ ለቅሶ ታለቅሳለች። ማሬ ባለችበት ቁጭ አለች። «በቁሟ! ጌታዬ ኢየሱስ፣ በቁሟ አለቀስንባት!» አለች። ሴቶቹ ወደ ኋላ ሸሹ፣ አንዷ አበባውን ረገጠችው። ድንጋጤው ሲያልፍ ቁጣው መጣ። «ድንኳኑን ማነው ያስተከለው?» አለች ማሬ ከመሬት እየተነሳች። ጋሽ ካሱ የአጵሎስን ወገብ ለቀቀና አየው። «እሱ ነው፤ ‹ያጽናህ› ስለው ‹አሜን› ብሎኛል» አለ። «ፎቶዋንስ ማነው ያቆመው?» ለዚህ መልስ አላስፈለገም። «አንተ ልጅ፣ ምን ቸገረህ? እስክትሞት ብትጠብቅ ምን ነበረበት?»

አጵሎስ ስለ ንቃተ ህሊና ሊያስረዳ ሞከረ፤ ላቡ ሸሚዙን አጣብቆታል፤ ያ የአተነፋፈስ ትምህርት የት እንደገባ እንጃ። ቢቸግረው ወደ እኔ ዞሮ «ንገሪያቸው እንጂ! ያመጣሽው አንቺ ነሽ!» አለ።

«እኔ ሠራተኛ ነኝ ጌታዬ፤ ያዘዙኝን ነው ያመጣሁት» አልኩት።

«ኢየሩስን ማነው ሠራተኛ ያለ?» ብላ ማሬ ስትጮህ ፌቨን እኔን አየች፣ እማዬን አየች፣ ከዚያ እሱን አየችው። አፍንጫችን አንድ ነው፤ የሦስታችንም። ምንጣፏን መጠቅለል ጀመረች። አጵሎስ ሌሎቹም ሊነሱ መሆኑን ሲያይ የመጨረሻውን ሞከረ። እማዬ ፊት ተንበረከከና «አያችሁ? ተናገረች! ኃይሉ ነው ያናገራት! እማዬ፣ እኔ ነኝ፣ ልጅሽ ነኝ፣ ሰማሽኝ አይደል?» ብሎ ደህናውን እጇን ያዘ። እማዬ አየችው። ሐሳብ የላትም ያላት ሴት ረጅም ጊዜ፣ ከላይ እስከ ታች አየችው። ከዚያ እጇን ከእጁ መንጭቃ ወሰደችና ፊቷን አዞረችበት። ሰው ሁሉ አየ። እንግዶቹ ተበተኑ፤ እማዬን ልትወስድ ከሎጁ የመጣችው መኪና እሱን ብቻ ይዛ ሄደች። እድርተኞቹ ድንኳኑን ሳይመሽ አፈረሱት፤ ማሬም የእማዬን እግር ስማ፣ በቁም ያለቀሱበት ሰው ዕድሜው ይረዝማል ብላ እያጽናናች ሄደች።

አመሻሽ ላይ ለብቻችን ቀረን። ሾርባ ሠራሁ፣ አቀዘቀዝኩ፣ ደረቷ ላይ ፎጣ አነጠፍኩ። እየዘፈንኩ ነበር። «አየሽው እማዬ? አየሽው እንዴት እንደሄደ?» እያልኩ ማንኪያውን ወደ አፏ አስጠጋሁ። አልከፈተችም። ደክሟት ይሆናል ብዬ ጠበቅሁና መልሼ አስጠጋሁ። ከንፈሯን ገጥማ ታየኛለች፤ እንደ ከዚህ በፊቱ ዓይኗ በእኔ በኩል ስለዋለ አይደለም፣ እኔን ነበር የምታየው። ያን ጊዜ ገባኝ። እሱን የሰማ ጆሮ እኔንም ሰምቶኛል። የገዛ ለቅሶዋን ስትሰማ፣ ልጇ ኩሽና በር ላይ ተደግፋ፣ እጇን አጣጥፋ ስትስቅ አይታለች። ሮጬ «አቁሙ፣ በሕይወት አለች» እንድል ጠብቃኝ ይሆናል። ለቅሶው ከበር እስከ ወንበሯ እስኪደርስ ድረስ ጊዜ ነበረኝ።

«ለአንቺ ብዬ ነው» አልኳት። ውሸት ነበር፤ ሁለታችንም አወቅን። እሱ ዝምታዋን ሸጠ፣ እኔ ሞቷን ተዋስኩ። ይህም ሆኖ ነገ ቢደገም አልተወውም ነበር፤ ያን የተዋረደ ፊቱን ሳስታውስ እስካሁን ሆዴ ይሞቃል። ግን እሷ ከእኔ እጅ አንድ ማንኪያ እንድትቀበል ብዬ ያን ደስታ ሁሉ እሰጥ ነበር፤ የሚቀበለኝ የለም እንጂ። ማንኪያውን ለሦስተኛ ጊዜ አስጠጋሁት። ከንፈሯን ሲነካት እናቴ ፊቷን ከእኔም አዞረች።